ከቦዩ ማዶ ያለው በለስ

ቡስቶስ፣ ኦገስት 23 ቀን 1998

እስከዚህ የብርድ ወራት ድረስ ለማንም ተንፍሼው የማላውቀውን ነገር መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው፤ ወደ ታች ከወረድኩ ድፍረቴ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። በረዶው የኔሊዳን ወይን የጨፈጨፈው ቀን እኔ ቤት ነበርኩ። ከተማ አልሄድኩም። ሃያ ሰባት ዓመት «ከተማ ነበርኩ» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ባሌ አቲሊዮም አንድ ቀን ሳይጠይቀኝ ዐርፏል።

ኔሊዳ ከቦዩ ማዶ ጎረቤቴ ነበረች፤ አንድ ልጄንም ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት። ከበረዶው በኋላ ቤታቸውንና ወይናቸውን ለእኛ ሸጠው፣ ከባሏ ከኦስቫልዶ ጋር ወደ ደቡብ፣ ነዳጅ ወደሚወጣበት አገር ሄዱ። ከዚህ በታች ያሉት ዘንድሮ የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው። የእሷ በገዛ እጇ የጻፈችው ነው። የእኔ ረቂቁ ነው፤ ትምህርት ቤት ብዙ ስላልቆየሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍ መጀመሪያ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ እሞክርና ከዚያ ወደ ንጹሕ ወረቀት እገለብጣለሁ። የጠፉም አሉ። የጠፉት አብዛኞቹ ሰላምታ ብቻ ናቸው።


ቡስቶስ፣ ማርች 14 ቀን 1998

ውድ አበልጄ ኔሊዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽ ሚርታና ባሏ፣ ልጆቻቸውስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። የዘገየሁት ወይን ለቀማ ላይ ሆነን ነው ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ለቃሚዎቹን የሚያሠራው ግን የክርስትና ልጅሽ ዳርዮ ነው፤ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን ትራክተር ነው የማየው። እንዲሁ ነው የዘገየሁት። ይቅር በዪኝ።

አገሩ እንዴት ሆነ ላልሽው፣ ወንዙ ዘንድሮ ቀጥኗል። አምና ተራራው ላይ ብዙ በረዶ አልተከመረም፤ ስለዚህ ውኃ አከፋፋዩ የሁሉንም ተራ አሳጥሮታል፤ ሁሉም ሰው እሱን ይሰድባል፤ እሱም ተራራውን ይሰድባል። ቦዩ እዚያው ነው፤ የእኛን ወይን ከእናንተ ወይን ለይቶ እንደ ድሮው ይፈሳል። ሳላስበው «ከእናንተ» አልኩ፤ እንዳለ ልተወው። መንገዱ እስከ ፎንታናዎች ቤት ድረስ አስፋልት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የምታውቂው አፈር ነው፤ መኪና ሲያልፍ አቧራው ወጥ ውስጥ ይገባል። ከተማዋ ወደ ሰሜን አድጋለች። ወደ ደቡብ ጠጠርና እሾህ ስለሆነ የሚሄድ የለም።

በቅርቡ አንድ መጽሐፍ ሳነብ የምንኖረው በረሃ ውስጥ መሆኑን አወቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከመጽሐፍ መስማቴ ገረመኝ። እውነት ነው እኮ፤ እዚህ በገዛ ፈቃዱ የበቀለ ነገር የለም። ዛፉን፣ ወይኑን፣ አደባባዩ ላይ ያለውን ሣር ሳይቀር ሰው በቦይ ውኃ አስታሞ ነው ያቆመው። ውኃው አንድ በጋ ቢቀር ሁላችንም ዕቃችንን እንሸክፋለን። አረንጓዴውን እያየን እንረሳዋለን።

ስለ ቤቱም ጠይቀሽኛል። ቤቱ ደህና ነው። በሰፊው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አበልጅሽ
ኤርሚንያ


ፒኮ ኔግሮ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1998

አንቺ ኤርሚንያ፣

ስለ በለሴ ብጠይቅሽ ስለ አስፋልት ትጽፊልኛለሽ! ድሮም እንዲህ ነበርሽ፤ ጨው አበድሪኝ ያለሽን ሰው ስለ ዝናብ ታወሪው ነበር። በረሃ ውስጥ መኖራችንን ለማወቅ ደግሞ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ የኦስቫልዶን ተረከዝ ማየት ይበቃ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።

እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ነፋሱ አያርፍም። ልብስ ታጥቦ አይሰጣም፤ ለጎረቤት ይላካል። ሚርታ ደግ ልጅ ናት፤ ከወጥ ቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ቀብታ ሰጥታኛለች፤ መስኮቷ ወደ ግድግዳ ነው የሚያየው። ባሏም ክፉ አይደለም። ቴሌቪዥን ሲያይ ግን ጫማዬን አውልቄ በእግር ጣቴ ነው የማልፈው። በገዛ እግሬ ድምፅ ማፈር ጀመርኩ ማለት ነው። አሁን ደግሞ የአረጋውያን ቤት የሚባል ነገር ተከፍቷል፤ ንጹሕ ነው፣ ባሕር ይታያል እያለች በየቀኑ ታነሣልኛለች። ባሕሩን ምን ላድርገው?

ባለፈው የጻፍኩልሽን ደግሜ ልበልሽ፤ ምናልባት አስፋልቱ ጋርዶብሽ እንደሆነ። መመለስ እፈልጋለሁ። ወይኑን አይደለም፤ ወይኑን ሸጥን፣ አለቀ። የድሮ ቤቴን ሁለት ክፍልና በለሱን ነው። ባዶ ከሆኑ ከጡረታዬ ኪራይ እከፍላለሁ። እዚያው መሞት ነው የምፈልገው፤ ሰው እግሬን የሚሰማበት ቦታ።

አዎ ወይም አይ በዪኝ። አዎ ካልሽ ቲኬት እቆርጣለሁ። አይ ካልሽም አላኮርፍም፤ ትንሽ ብቻ ነው የማኮርፈው።

የሚርታ ልጅ ሉሲያና ለትምህርት ቤቷ ስለ ቡስቶስ ታሪክ መጻፍ አለባት፤ አንቺን ጠይቂልኝ ብላለች። እኔ ስለ በረዶና ስለ መጥረቢያ ብነግራት «በረዶ በመጥረቢያ ይቆረጣል ወይ?» ብላ ሳቀችብኝ። መጥረቢያው አለ ወይ? እሷን መልሺላት፤ እኔን ግን መጀመሪያ።

ኔሊዳ


ቡስቶስ፣ ሜይ 10 ቀን 1998

ውድ አበልጄ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። በለሱ አለ። ከጣሪያው በላይ ወጥቷል፤ ዘንድሮ ግማሹን ወፎች በሉት፤ ግማሹን ለቀምኩ። ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ዳርዮ የነጭ ሽንኩርት ሣጥን ያስቀምጣል። ጣሪያው አያፈስስም።

ለሉሲያና እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። ከተማዋ በኮሎኔል ቡስቶስ ስም ተጠርታለች፤ አደባባዩ ላይ በፈረስ የተቀመጠው እሱ ነው። መንግሥት መሬቱን ሰጠው፤ እሱም ቆራርሶ ለመጤ ሸጠው። ቦዩን ግን እሱ አልቆፈረም። ከእሱ በፊት፣ ከስፔኖችም በፊት እዚህ የነበሩት ሁአርፔዎች ናቸው የቆፈሩት። ለእነሱ ሐውልት የለም። ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ ባቡሩ የእኛን አያቶች ከነሣጥናቸው አወረደ፤ ወይን ተተከለ። የመሬት መንቀጥቀጡ ቤተ ክርስቲያኑን ጣለ፤ መልሰው ሠሩት፤ ግንቡን ዝቅ አደረጉት። አስተማሪዋ ዓመተ ምሕረት ካልኖረ አልቀበልም ካለች ከመጽሐፉ ገልብጬ እልካለሁ።

«በረዶ በመጥረቢያ ይቆረጣል ወይ?» ማለቷ እኔንም አሳቀኝ። በአንድ መንገድ ላይ በረዶ የሚቆረጥበትን ቃል የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት በያት። ቃሉ በገና ዋዜማ ካልሆነ አይተላለፍም፤ እኔ ከባሌ እናት ከኖና ፒያ ተቀበልኩት። ደመናው በደቡብ በኩል ነጭ ሆዱን አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ ሴትየዋ ደረቅ ጨው በመስቀል ቅርጽ መሬት ላይ ትበትናለች፤ ቃሉን በከንፈሯ ትላለች፤ መጥረቢያውን መሐሉ ላይ ትመታለች። ደመናው ይሰነጠቃል። ግን በቤቷ አይደለም። ኖና ፒያ ጣቷን እያወዛወዘች ነው የነገረችኝ፦ «ድልድዩ አፍ ላይ፣ ለሁለቱም ዳር! በግቢሽ ከመታሽው ለራስሽ ብቻ ነው። ስንጣቂው የት እንደሚወርድ ደግሞ ይጠፋሻል?»

ተረት መሆኑንም ጨምሪላት። እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ እንደሚለው ደመናውን የሚያነሣው ሙቀት ነው። ጠብታዋ ሽቅብ እየተጣለች፣ እየወረደች፣ በብርድ ቀን ሹራብ በሹራብ ላይ እንደምንደርበው በረዶ ትደርባለች፤ ስትከብድ ትወድቃለች። ለመጥረቢያ ጆሮ የላትም። በረዶ ደግሞ በጠባቡ ነው የሚወርደው፤ አንዱን እርሻ ጨፍጭፎ ጎረቤቱን የሚተወው በተፈጥሮው ነው ይላል። ያን ገጽ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

መጥረቢያው አለ ወይ ላልሽው፣ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ተሰቅሏል። እንጨት አልፈልጥበትም።

ስለ ክፍሎቹ ዳርዮን ማነጋገር አለብኝ። ትንሽ ታገሺኝ።

ኤርሚንያ


ፒኮ ኔግሮ፣ ጁን 12 ቀን 1998

ኤርሚንያ፣

ዳርዮ ትናንት ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ አባቱን ሆኗል፤ አቲሊዮ ከመቃብር የደወለ መስሎኝ ደነገጥኩ። «እማማ ኔሊዳ፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ፣ አንተ ባለጌ፣ ለምን አትጽፍም አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እማማ፣ ያ ቤት ለአንቺ አይሆንም» አለኝ። «ማዶውን በሙሉ ልንሸጠው ነው። ከዋና ከተማ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አጥር ያለው መንደር ሊሠሩበት ነው፤ መዋኛም አለው። የእናቴ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«በለሱስ?» አልኩት።

«የቱ በለስ?» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። ልጅ ነው፤ አርባ ዓመትም ቢሆነው። የተቆጣሁት አንቺን ነው። ስለ ኮሎኔሉ ፈረስ ለመጻፍ ቦታ አግኝተሽ ይህቺን አንዲት መስመር አጣሽላት? አይ ማለት ይከብድሻል፤ ድሮም አውቀዋለሁ። ይሁን። ቲኬት ቆርጬ ነበር፤ እመልሰዋለሁ። ሚርታ ቅዳሜ ባሕር የሚታይበትን ቤት ልታሳየኝ ነው።

ሉሲያና በታሪኩ ጥሩ ነጥብ አገኘች። ታመሰግንሻለች።

ኔሊዳ


ቡስቶስ፣ ጁላይ 5 ቀን 1998

ኔሊዳ፣

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደጀመርኩት አልነግርሽም። የቀን መቁጠሪያው ጀርባ አልቆብኝ የስኳር ከረጢት ቀድጃለሁ።

ዳርዮ ክፉ አይደለም። እሱን ካነሣሽ አይቀር ይህን እወቂልኝ። አንቺ የምታውቂው ቡስቶስ የለም። ትልልቆቹ ወይን መጥመቂያዎች ተዘግተዋል፤ የቀይ ጡቡ ጣሪያው ወድቆ ርግቦች ሰፍረውበታል። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ወዲህ ሐዲዱ ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል። ወይን የሚገዛ የጠፋ ጊዜ ሰዉ የገዛ ወይኑን በትራክተር እየነቀለ ክረምቱን ሙሉ ምድጃ ውስጥ ከተተው፤ እኛም ከወንዙ በኩል ያለውን ነቀልን። ቤቱ በአያቱ ወይን ሞቀ። ከዚያ ሁሉም ነጭ ሽንኩርት ተከለ፤ ሁሉም ስለተከለ ደግሞ ማንም አልገዛም። ሽንኩርቱን የሚቆርጡልን ከቦሊቪያ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ እነሱም አሁን ወደ ሌላ አገር እየሄዱ ነው። ዳርዮ ጠዋት ተነሥቶ ሰማዩን ያያል፤ ከዚያ ጫማውን ያያል። ደክሞታል። መዋኛ የሠራ ሰው በረዶ አይፈራም ይለኛል።

እሱ ስለ መሸጡ የነገረኝ ከለቀማው በፊት ነው። አንቺ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፊ አውቅ ነበር። ስለዚህ ነው አስፋልት አስፋልት ያልኩሽ።

አሁን ደግሞ ሌላውን።

ያን ጃንዋሪ እኔና አንቺ ተኳርፈን ነበር። ምክንያቱን ታስታውሻለሽ? ኦስቫልዶ ተራው አልቆ የውኃውን በር ሳይዘጋ ተኛ፤ ውኃው የሽንኩርት መደቤን ይዞት ሄደ። ድልድዩ ላይ ቆመን ተጯጯህን። አንቺ «አንቺ እኮ እዚህ መንገድ የገባሽው በጋብቻ ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ ነው» አልሽኝ። ይኸው ነው። አሁን ሲጻፍ ምንም አይደለም። ያኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስተኛም ስነሣም ይሰማኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንዶቹ ከተማ ለስብሰባ ሄደዋል፤ ዳርዮ አብሯቸው ነው። ደመናው በደቡብ በኩል ወጣ። ሆዱ ነጭ ነበር። ጨውና መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ፤ እስከ አጥሩ በር ሄድኩ። ከዚያ ድልድዩ ይታያል። ማዶ ልብስሽ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ አንሶላዎቹ ነጭ ነበሩ። «እዚሁ የተወለደች ራሷ ትቁረጥ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው የሰሙኝ። ተመልሼ ግቢዬ መሐል ጨውን በተንኩ፤ መታሁት።

በረዶው እስከ ቦዩ መጣ። ቦዩን አልተሻገረም። በእኛ በኩል ቅጠሉ ረጥቦ ብቻ ነበር፤ የወይን ዘለላዎቹ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። በእናንተ በኩል ገና መውረድ ሲጀምር ስትጮኺ ሰማሁ። ከዚያ ጩኸትሽም ከበረዶው በታች ሆነ።

ማምሻውን በጭቃ እግርሽ መጥተሽ «የት ነበርሽ?» አልሽኝ። «ከተማ» አልኩሽ። «ብኖር ድልድዩ ላይ አልቆምም ነበር ወይ?» አልኩሽ። አንቺም «እሱስ ትቆሚ ነበር» አልሽና አቅፈሽኝ አለቀስሽ። ያን ማቀፍ ነው ተሸክሜ የኖርኩት።

ኦስቫልዶ ወይኑን ሊሸጥልን የመጣ ቀን የማቴ ሻይ አፍልቼ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። አቲሊዮ የሰጠው ዋጋ የወይን ዋጋ አልነበረም፤ የተጨፈጨፈ ወይን ዋጋ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወይኑ እንደ ድሮው ሲያፈራ ቆሜ አየሁት፤ ዝም አልኩ።

መጻሕፍት ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ደመና፣ ስለ ነፋስ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ሠራተኛዋ ልጅ «ሴኞራ፣ አውሮፕላን ልታበሪ ነው?» ትለኛለች። መጻሕፍቱ ስለ በረዶው ነጻ አውጥተውኛል። መጥረቢያ ደመና አይሰነጥቅም። ድልድዩ ላይ ብቆምም ይወርድ ነበር። ግን እኔ ያን ቀን መጽሐፍ አላነበብኩም ነበር፤ ይቆረጣል ብዬ አምን ነበር፤ አምኜ ነው የተመለስኩት። ስለዚህኛው የሚናገር መጽሐፍ አላገኘሁም።

አዎ ወይም አይ በዪኝ ብለሽ ነበር። እኔ እንዴት አስቀድሜ አዎ ልበል? መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ፤ ከእንደዚህ ያለች ሴት ጋር በአንድ ቦይ ዳር መኖር ትፈልጊያለሽ?

ኤርሚንያ


ፒኮ ኔግሮ፣ ጁላይ 30 ቀን 1998

ኤርሚንያ፣

ተቀመጪ። መነጽርሽን አድርጊ። አውቅ ነበር።

ልንሰናበታችሁ የመጣን ቀን ግቢሽ መሐል ሣሩ ደርቆ ነበር። በመስቀል ቅርጽ! ጨው ሣርን ምን እንደሚያደርገው የማላውቅ መሰለሽ? እዚያው መንገድ ተወልጄ! እላዩ ላይ ቆሜ ነው ጉንጭሽን የሳምኩት። አቲሊዮም አይቶታል፤ እኔን ሲያየኝ ዓይኑን ወደ ዶሮዎቹ አዞረ። አላየም ብለሽ ራስሽን አትሸንግዪ።

መኪናው ውስጥ ለኦስቫልዶ ልነግረው ነበር። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ነገሩ አልቋል፤ አንቺንም ጨምሬ ካጣሁ ለማን እጽፋለሁ አልኩ። መጀመሪያ የተውኩት ለዚህ ነው፤ ለጥቅሜ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ደመናውን ከአንቺ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ድልድዩ ድረስ ወጥቼ «አንቺ ኤርሚንያ፣ መጥረቢያሽን ይዘሽ ነይ!» ብል ትመጪ ነበር፤ እየተሳደብሽም ቢሆን ትመጪ ነበር። አልወጣሁም። «እሷን ከምለምን ይውረድ» አልኩ። ወረደ። ልብሱን እንኳ ከገመድ አላነሣሁም፤ የአንሶላዎቼ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በረዶውን ለብቻሽ አትውሰጂው። ወይኑ የእኔ፣ በረዶው የእኔ፣ ኩራቱም የእኔ ነበር፤ አንቺ ያለሽ አንድ መጥረቢያ ነው። ዋጋው የወንዶቹ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም ሞተዋል፤ እዚያው ይከራከሩበት።

ውሸቱን ግን አልተውልሽም። ያቀፍኩሽ ጊዜ ዝም ማለትሽን። እሱ የአንቺ ነው። በየበጋው የበለስ ማርማላታ ትሠሪልኛለሽ፣ እኔ «ስኳር በዛበት» እያልኩ እበላዋለሁ፤ እስክሞት።

እኔም አንድ ውሸት አለኝ። ቲኬቱን አልመለስኩትም። ሚርታ ባሕሩን አሳየችኝ፤ መስኮቱ አይከፈትም፤ ነፋሱ ይገባል ብለው ቸንክረውታል። አልቅሼ ወጣሁ። ልጄ አሳዘነችኝ፤ በደግነቷ ነው ያደረገችው።

አውቶቡሱ ቡስቶስ የሚገባው ሐሙስ ኦገስት 27 ጠዋት ነው። አዎ ወይም አይ ብለሽ እንድትጽፊ አልጠይቅሽም፤ አንቺ ብዕር ስትይዢ ሌላ ነው የምትጽፊው። አውቶቡስ ተራ ካገኘሁሽ አዎ ነው። ካላገኘሁሽ አንድ ማቴ ጠጥቼ በዚያው ወደ እህቴ አገር እቀጥላለሁ። እህቴን አልወዳትም፤ ይህንንም እወቂው።

ወይኑን አልፈልግም። ማንም መሬት እንዳይሰጠኝ። ሁለት ክፍልና አንድ ዛፍ።

አበልጅሽ
ኔሊዳ


ቡስቶስ፣ እሑድ ኦገስት 23 ቀን 1998፣ ከመጀመሪያው ገጽ የቀጠለ

ዳርዮ፣

የገዢዎቹ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሐሙስ ጠዋት ይመጣል ብለኸኛል። እኔም «እሺ» ብዬሃለሁ። እሺ ስል እንደምሰማህ እንጂ እንደምፈርም አልነበረም፤ ግን አንተ እንደዚያ እንደተረዳኸው እያወቅሁ ዝም አልኩ። ይኼ ልማዴ እንደሆነ ከላይ አንብበሃል።

ማዶው አይሸጥም። እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ኔሊዳም በሕይወት እያለች አይሸጥም። ከእኛ በኋላ መዋኛም ቢሆን አስቆፍርበት፤ አልቆጣህም፤ ደክሞሃል፤ አይቻለሁ። በእኛ በኩል ያለውን ደግሞ መሸጥ ከፈለግህ አሁኑኑ እፈርምልሃለሁ። ቤቴን ጨምሮ። እኔም ማዶ መኖር እችላለሁ፤ ሦስተኛ ክፍል መሥራት አያስቸግርም።

«የቱ በለስ?» ብለሃታል። ከላዩ ወድቀህ ክንድህን የሰበርክበት ነው። ተሸክማ ድልድዩን ያሻገረችህ እሷ ናት፤ አንተ ያኔ ትንሽ ስለነበርክ አይፈረድብህም።

ሽንኩርትህን ከሁለቱ ክፍሎች አውጥቼ በረንዳው ላይ ደርድሬዋለሁ። ሁለቱ ታች ያሉት ሣጥኖች በስብሰዋል፤ ጣልኳቸው። ግድግዳውን ኖራ ቀብቻለሁ፤ ጣሪያው ጥግ አልደረስኩበትም፤ ቁመትህ ስለሚደርስ ጨርስልኝ። ብሩሹ ባልዲው ውስጥ ነው። መጥረቢያውን ከማገዶ ቤቱ ጀርባ አውርጄዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እንጨት ፍለጥበት፤ ለእሷ ምድጃ ያስፈልጋል፤ ደቡብ ኖራ የደቡብ ሰው ብትሆንም የኛን ብርድ ረስታዋለች።

ሰውየው ሲመጣ «እናቴ ቤት የለችም፣ ከተማ ናት» በለው። የዚህ ጊዜው እውነት ነው። ከጠዋቱ ጀምሮ አውቶቡስ ተራ፣ ከፒኮ ኔግሮ የሚመጣው በሚቆምበት በኩል፣ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ቢዘገይም አልነሣም። ከፈለግህ ሰውየውን ሸኝተህ በፒክ አፑ ና፤ ሻንጣዋ ከባድ ይሆናል። ካልመጣህ ታክሲ እንይዛለን።

ረቡዕ ማታ እራት በልተህ ስትወጣ እነዚህን ወረቀቶች ኮፍያህ ሥር ታገኛቸዋለህ። የኔሊዳን እጅ ጽሑፍ እንዳታቆሽሽ፤ ታነባቸዋለህ፤ ከዚያ ትመልሳቸዋለህ። የሚደርሱት ለአንተ ነው፤ ለዳርዮ ሳልቫቲ፣ ለእኔ ልጅ፣ ለኔሊዳ የክርስትና ልጅ።